የሰይፉ ሸሚዝ

ሪያድ፣ መስከረም 2007 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኪ እህቴ አፊፋ፣

አንቺና ልጆችሽ ደህና ከረማችሁ ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩ።

ማዳም ልጆቿን እንድይዝላት አውሮፓ ወስዳኝ፣ ጄኔቭ፣ ሎዛን፣ ሞንትሮ እያልን ከሐይቅ ሐይቅ ስንዞር ከረምን። እነሱ ውሃውን ያያሉ፤ እኔ ሻንጣ አስራለሁ፣ ሻንጣ እፈታለሁ። አገሩስ ውብ ነው። የኔ ምኞት ግን አንድ ቤት ተቀምጬ ለባሌ ለሰይፉ ምሳውን በሰዓቱ ማቅረብ ነበር።

ግቢሽ ውስጥ ተነስተሽ የላክሽልኝን ፎቶ ያየሁት እዚያው ሐይቅ ዳር ነው። አምሮብሻል፤ ወፈር ብለሻል። ከኋላሽ ገመዱ ላይ የተሰጣው ባለነጭ ኮሌታ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ አምና ለሰይፉ በሰው የላክሁለት ነው አይደል? እሱ ሎጊያ ሥራ ላይ ነኝ፣ ኔትወርክ አይይዝም ይለኛል፤ አንቺም ካየሁት ከረምኩ ትይኛለሽ። ኮሌታው እንዴት ነጥቷል! ድሮም አጣጠብ ታውቂበታለሽ።

ሪያድ ስንመለስ ከዲራ ገበያ ከሸሚዙ ጋር የሚሄድ ሱሪ ገዛሁለት። ጓደኛዬ ሱመያ ሰሞኑን አገር ትገባለች፤ አደራ ብዬ እሰጣታለሁ። ከማን ቤት ታድርሰው? አንቺው ንገሪኝ።

ልጆቹን ሳሚልኝ። አላህ ቤትሽን ያሙቅልሽ።

እህትሽ ኑርያ