የተቀቀለው ድንጋይ

ጥር 9

የዓሣ ገንዳዬን ውሃ ሩብ ያህል ቀየርኩ። ጨዉን ለካሁ፤ ደህና ነው። ብርቱካናማዋ ዓሣ ዛሬም ጣቴን ነከሰችኝ። የሚያበላትን እጅ! ውለታ ቢስ።

ትልቁ ድንጋይ ጥግ ላይ፣ ተለጥፈው ከሚያድጉት ኮራሎቼ አጠገብ፣ አንዲት ቡናማ ነገር በቅላለች። ጥፍር ብታህል ነው። ዙሪያዋን ቀጫጭን ክንዶች አሏት፤ አበባ ትመስላለች። ለእማዬ አሳየኋት። «ቆንጆ ናት፤ ተዋት» አለችኝ።

ጥር 12

ቆንጆዋ ጉድ አፈላች።

ከምሠራበት መነጽር ቤት ስወጣ ዓሣ ሻጩ ጋ ጎራ አልኩ። ባሕርን በፎቶ እንጂ በዓይኑ አይቶ ስለማያውቅ «መርከበኛው» ነው የምንለው። ስነግረው ሳቁ ጠፋ።

«አኔሞኒ የምትባል የባሕር እንስሳ ናት። ኮራሎችህን በመርዟ ትፈጃቸዋለች። ብቻ እንዳትቆርጣት፤ ከቁራጯ ሌላ ይበቅላል።»

«ቆርጫታለሁ እኮ።»

ራሱን በእጁ ያዘ።

ትናንት ነው... በወረንጦ። እንደ አረም የምትነቀል መስሎኝ። ስነካት ቀዳዳዋ ውስጥ ሽጉጥ አለች፤ ወረንጦው ላይ የቀረው ግማሿ ብቻ።

ጥር 25

አኔሞኒዎቹ አሥራ አራት ደረሱ።

ጥር 28

ሰባት ዓመት ያሳደግኩት ኮራል ጠርዙ ነጣ። ፈራሁ። ትልቅ ሰው ጥፍር የምታህል ነገር ይፈራል? ይፈራል። ዛሬ ሥራ ላይ ሁለት ሌንስ አበላሸሁ።

መርከበኛው «አኔሞኒ የሚበሉ ሽሪምፖች፣ ባለብዙ እግር ትናንሽ የባሕር እንስሳት፣ አዝዤልሃለሁ፤ ሁለት ሳምንት ታገሥ» ይለኛል። ሁለት ሳምንት! እስከዚያ ምን ይተርፋል?

የካቲት 1

አልታገሥኩም። ትልቁን ድንጋይ አውጥቼ በእማዬ ድስት ጣድኩት። ከፈላ ውሃ ማን ያመልጣል? ጀርባው ላይ የተለጠፉት የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ ኮራሎች አብረው መቀቀላቸው አሳዘነኝ... ግን ይሁን። እማዬ አጠገቤ ድንች ትልጣለች። ብርድ አትወድም፤ መስኮቱን ዘግተነዋል። እንፋሎቱ ክፉ ይሸታል፤ ትስቅብኛለች።

ተገላገልኩ።

የካቲት 2

ሆስፒታል። ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ነኝ። ካልጻፍኩ እብድ እሆናለሁ።

ትናንት ያን ከጻፍኩ ብዙም ሳይቆይ እማዬ «አፌን ብረት ብረት አለኝ» አለች። ከዚያ መንቀጥቀጥ። የኔም ዓይን ይቃጠላል። ጉንፋን ይሆን? ሁለታችንንም ባንዴ? ለመርከበኛው ደውዬ ድንጋዩን መቀቀሌን ነገርኩት።

«የሸሚዝ ቁልፍ መሳዮቹን ኮራሎችም ቀቀልካቸው? መርዝ እኮ አላቸው! በእንፋሎቱ ይወጣል! እናትህን ይዘህ ውጣ፣ አሁኑኑ!»

ክው አልኩ። እማዬን ደግፌ ወጣሁ።

እዚህ ስንደርስ ሐኪሟ ምን እንደነካን ጠየቀች። እማዬ ቀደመችኝ። «የሰነበተ ዓሣ በልቼ ነው» አለች። እጄን ጭምቅ አደረገችው። እኔስ? ዝም! እናቱን በገዛ ድስቷ የመረዘ ሊሉኝ ነው ብዬ... ዝም አልኩ። የሆድ መድኃኒት ሰጧት። አንድ ሰዓት ያህል አለፈ። ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁ።

ተነስቼ ሐኪሟን ተከትዬ ሮጥኩ።

«ዓሣ አልበላችም። እኔ ነኝ። ድንጋይ ቀቅዬ ነው።»

«ምን?»

«ድንጋይ።»

መታከም ያለብኝ እኔ እንደሆንኩ ሁሉ አየችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ገንዳውን፣ ኮራሎቹን፣ የተዘጋውን መስኮት። ሳልጨርስ ወደ እማዬ ሮጠች።

ያቺ አንድ ሰዓት... ማን ይመልስልኛል?

የካቲት 3

አሁንም በኦክስጅን ነው የምትተነፍሰው። ዓይኗን አልገለጠችም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ስትለኝ ነው ያደግኩት። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አይደለም። ፈጣሪዬ፣ ገንዳውንም ዓሣውንም ውሰድ። እሷን ተውልኝ።

የካቲት 4

እንደትናንቱ።

የካቲት 6

ጭምብሉን አነሱላት! ድምፅዋ ሻክሯል።

«ለምን ነገርካት?»

«እንዳትሞቺ ነዋ እማዬ!»

«እንዳያስሩህ ፈርቼ ነው» አለችኝ።

ትንፋሽ አጥሯት፣ ለኔ ነበር የምትፈራው። ግድግዳው ላይ ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

የካቲት 22

እማዬ ቤት ከገባች ሳምንት ሆናት። ደረጃ ስትወጣ ግን አሁንም ያስላታል። በሳለች ቁጥር ሥራዬን አቁሜ እቆጥራለሁ።

ድስቱን መርከበኛው አፍንጫውን ሸፍኖ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ አስወገደልኝ። ሽሪምፖቹንም አመጣቸው። አኔሞኒዎቹ ዘጠኝ ቀርተዋል፤ ይበሏቸው፣ እኔ እጄን አላስገባም። ገንዳውን ላፈርሰው ነበር፤ እማዬ «ዓሣዋ ምን አጠፋች?» ብላ ከለከለችኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ድንች ጣድኩ። በአዲስ ድስት። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቻለሁ። ክዳኑ መንጣጣት ሲጀምር ከሳሎን ጠራችኝ።

«ምንድን ነው የጣድከው?»

«ድንች ነው እማዬ።»

 ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ቀስ ብላ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ይዛዋለች።

«ክፈተው፣ ልየው።»

ለሐኪም የዋሸችልኝ እናቴ ናት እኮ ይህን የምትለኝ። ክዳኑን አነሳሁ። ድንቹን አየች። እኔን አየች። ሻርፗን አወረደች።

«ጨው ጨምርበት» አለችኝ።

እስኪበስል ድረስ ግን ከበሩ አልሄደችም።