አስራ አንዱ ፎቶዎች

የእኔ እሜቴ፣

በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ፣ ጤናሽን ያብዛልኝ። ጉልበትሽስ ጨርሶ ዳነ?

እኛ ደህና ነን። አክስትሽ ክፍልሽን ነጭ ቀለም ቀብታዋለች። እኔ አሁንም ካሜራዬን ይዤ ሜዳ ላይ የሚሮጡ ልጆችን ስከተል እውላለሁ። ባለሱቁ «አንቺ ሴትዮ፣ የቆመ ልጅ ፎቶ አይወጣለትም?» እያለ ይስቅብኛል።

ዳኛው «ከልጇ ካሜራዋን ታስበልጣለች» ብሎ ነው አባትሽ ባሕር ማዶ ይዞሽ እንዲሄድ የፈረደው። በደል ነው። ሰባት ዓመት ብቻዬን ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ፤ ይግባኝ ብያለሁ፣ አልተውም።

ለአንቺ ግን አልዋሽም። ከዥዋዥዌው የወደቅሽ ቀን ካሜራውን ወዲያው ጥዬ እንደሮጥኩ ነግሬሽ ነበር። ትናንት የዚያን ቀን ፎቶዎች ላስተካክል ከፈትኳቸው። ካሜራዬ ቁልፉን ተጭኜ እስከያዝኩ ድረስ በተከታታይ ያነሳል። መሬት ከነካሽ በኋላ አስራ አንድ ፎቶ አለ። በመጨረሻው ላይ ወደ እኔ ዞረሽ «እማ!» እያልሽ ነው።

ብርሃኑን ላስተካክል ጀምሬ ተውኩት። ጠበቃዬ «አጥፊያቸው፣ ማን ያውቃል?» አለችኝ። አንቺ ታውቂያለሽ። አላጠፋኋቸውም፣ ዳኛውም ይያቸው። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።

ቀንሽ ብሩህ፣ እንቅልፍሽ ጣፋጭ ይሁን። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ስትሮጪ አባትሽ ፎቶ ያንሳሽና ላኪልኝ። ቢደበዝዝም አልነካካውም። ከወደቅሽ ግን ካሜራውን ጥሎ ይሩጥልሽ።

እናትሽ