ስለሚደፈነው የልብስ መቀበያ መስኮት

ረቡዕ፣ ኅዳር 9 ቀን። ካፊያ አለ። በቦታው የተገኘነው እኔ፣ ልብስ ተኳሹና እርስዎ የላኩት ግንበኛ ነን።

ለተከበሩ የልብስ እጥበት ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሸሚዞችዎ በየሳምንቱ በእጄ ስለሚያልፉ፣ ላብ እንደማይነካዎት ከአንገታቸው ንጣት አይቼ ለጤንነትዎ ተደስቻለሁ።

«የአገልግሎት ዘርፍ የኢኮኖሚው ምሰሶ ነው» ሲሉ ያደረጉትን ንግግር ሱሪ በምጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማንበብ የለመድኩትም ከዚያው መጠቅለያ ስለሆነ እጅ እነሳለሁ። ምሰሶ መባሌን ባነበብኩ ሳምንት፣ የምቀመጥበት መስኮት በግንብ እንዲደፈን፣ ደንበኛም ልብሱን በግድግዳው ሳጥን እንዲያስገባ፣ ከደንበኛ ጋር መነጋገርም ጊዜ ማባከን ስለሆነ ክልክል እንዲሆን ያዘዙበት መመሪያ ደረሰኝ። ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

አንደኛ፣ ቤቴ ማንም የለም። «ደህና አደርሽ» የሚለኝ ሰው ያለው በዚህ መስኮት በኩል ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው አንድ አዛውንት ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሸሚዝ ያመጣሉ። ሸሚዙ ንጹሕ ነው፤ ባለፈው ሳምንት እንዳጠፍኩት ነው የሚመለሰው።

«ልጄ፣ ይሄ እድፍ ይለቅ ይሆን?» ይሉኛል።

«ያስቸግራል አባቴ፣ እስቲ እንሞክረው» እላለሁ።

«እንዳትዋሺኝ ብቻ!» ብለው ይስቃሉ። ከዚያ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ሸሚዙንም ከልቤ አጥበዋለሁ። ይህ ከየትኛው ዘርፍ እንደሚመደብ፣ ሳጥኑም «ያስቸግራል አባቴ» ማለት ይችል እንደሆነ ቢያስረዱኝ ውለታዎ አይረሳኝም።

ሦስተኛውን ትቼዋለሁ። ግንበኛው ሲሚንቶውን አቡክቶ እስክነሣለት እየጠበቀኝ ነው፤ እሱ ምን ያድርግ።

ጊዜዎን እንዳላባክን አፌን ዘግቼ በጽሑፍ ያስቸገርኩዎ፣ ከነገ ጀምሮ ከሳጥኑ ኋላ የምገኘው፣
የቀድሞዋ ልብስ ተቀባይ

ማስታወሻ (ሐሙስ የተጨመረ)፦ ዛሬ ከግንቡ ኋላ ተቀምጬ በሳጥኑ የሚገባውን ልብስ ስቀበል ዋልኩ ልልዎ ነበር፤ አልዋልኩም፤ ሥራው ገና በጠዋቱ ቆመ። ከሰው የሚታየኝ እጅ ብቻ ነው። አንድ የታጠፈ ንጹሕ ሸሚዝ ገባ፤ የያዘው እጅ ግን አልለቀቀውም። መመሪያዎ መናገርን እንጂ መያዝን ስለማይከለክል፣ እጃቸውን ያዝኩት። ከኋላቸው የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። እኔም አልለቀቅኩም፣ እሳቸውም አልሳቡትም።