የጥሩዓለም ሁለት ፊልሞች

ሰኞ

«ሳንባውን መጨረሻ ላይ ነው የምታዪው» አሉኝ ዶክተር ግርማ ዛሬም። ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። እኔ ደግሞ የራጅ ፊልም በያዝኩ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚሮጠው ሳንባው ላይ ነው። ተራው እንዲህ ነው፦ ስም፣ የቀኝና የግራ ምልክት፣ አጥንት፣ ልብ፣ ከዚያ ሳንባ። የፊልም ማያ ሳጥኑ አምፖል ከተቃጠለ ስለቆየ መስኮት ላይ እየለጠፍን እናነባለን። ሰማዩ ሲደምን ሰው ሁሉ የታመመ ይመስላል።

ከአምስት የደረት ራጅ ሦስቱን በትክክል አነበብኩ። የአንዷን ሴት የጡት ጥላ የሳንባ ምች ነው ብዬ አረፍኩት፤ ሳቁብኝ።

ነገ ለስብሰባ ጎንደር ይሄዳሉ። እስከ ዓርብ አይመለሱም። «ያልገባሽን አቆዪልኝ» ብለውኛል። አንዲት ነርስ ይህን ያህል መታመኗ ደስ ብሎኛል። ለነገሩ ፊልም ማንበብ የጀመረ ሌላ ሰውም የላቸው።

ማክሰኞ

አገኘሁ! ያለ ማንም እርዳታ።

ጥሩዓለም ትባላለች፤ ከእብናት ገጠር ከባሏ ከባዬ ጋር ነው የመጣች። ሕፃን ልጃቸው ባለፈው እሑድ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሥታለች። እናቲቱ ወር ሙሉ ስትስል ከርማለች። ራጅ አንሺው ጋሽ አያሌው ፊልሙን አነሱልኝ። መስኮቱ ላይ ስለጥፈው ከቀኝ ሳንባዋ ጫፍ ላይ ነጭ ጭረት ጭረት አለ፤ ልክ ዶክተር መጽሐፍ ላይ ያሳዩኝን የሚመስል። ልቤ በደስታ ዘለለች። በሰው በሽታ መደሰቴ ያሳፈረኝ አሁን ስጽፈው ነው።

አቆዪልኝ የተባልኩት ያልገባኝን ነው፤ ይሄ ግን ገብቶኛል። ስለዚህ ነገርኳቸው፤ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ባዬ ከአግዳሚው ተነሥቶ ቆመ። «ልጅቱስ?» አለኝ። «ለጊዜው ከእናቷ ትለይ» አልኩት። ጥሩዓለም ነጠላዋን አፏ ላይ ሸፍና ልጅቷን አቀበለችው። አልጋ ሰጠናት፣ መርፌ አስጀመርኳት።

ረቡዕ

ባዬ ጧት ልጅቷን ይዞ እብናት ከተማ እናቱ ዘንድ ሄደ። በላም ወተት ሊያሳድጓት ነው።

የጥሩዓለም ጡት ድንጋይ ሆኗል። ጣሳ ውስጥ እያለበች ትደፋለች። «ሲስተር፣ ስንት ቀን ነው?» አለችኝ። «ሁለት ወር መርፌ፣ ከዚያ ዓመት ያህል ክኒን» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የመጀመሪያው አክታዋ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም። መጽሐፉ አንዳንዴ እንደዚያ ይሆናል ይላል።

ከሰዓት ጓዶቹ የሚመሩት የውይይት ክበብ ነበር። ስለ ምርት ዕድገት ሁለት ሰዓት ተወራ። እኔ የማስበው ያንን ጣሳ ነበር።

ሐሙስ

ሁለተኛው አክታም ምንም የለውም። ትኩሳት የላትም። ምግብም ትበላለች።

ፊልሙን አውጥቼ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩትና ዛሬ በተራው ማየት ጀመርኩ። አጥንቱ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ነጩ ጭረት ሳንባው ከሚያልቅበት አልፎ ወደ አንገቷ ይወጣል። አንገት ውስጥ ደግሞ ሳንባ የለም።

ጋሽ አያሌው ጋ ሮጥኩ። «ሲያነሷት እላይዋ ላይ ምን ነበር?»

«እኔ ምኑን አይቼ፣ ልጄ? የምትለብሰውን ጨርቅ ሰጥቻት ፊቴን አዞርኩ። የሰው ሚስት አይደለች?»

ሴት ሲያነሱ ሁልጊዜ እንደዚያ ናቸው። ዶክተር ሴት ስትነሳ ከነርሶች አንዷ አብራ ትግባ ያሉትም ለዚሁ ነው። ማክሰኞ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ሥራ በዛብኝ ብዬ ቀረሁ።

ጥሩዓለምን ሻሿን አስወለቅኳት። ለክርስትናው የተሠራችው ሹሩባ ጫፉ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል፤ ቅቤ ጠጥቶ እንደ ገመድ ተጣብቋል። ጸጉሯን አናቷ ላይ አሰርኩና አብሬያት ገብቼ አቋቋሟን አስተካክዬ ወጣሁ፤ እንደገና ተነሣች። ሳንባዋ ንጹሕ ነው፤ ያ ጭረት የሹሩባዋ ጥላ ነበር።

ራጅ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጋሽ አያሌው «ያጠፋሁት እኔም ነኝ፣ እኔም ነኝ» እያሉ አጠገቤ ቆሙ።

ዓርብ

ጧት ነገርኳት። «አልታመምሽም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» «እንግዲያ ልጄን አምጡልኝ» አለች።

መርፌው ቆመ። ወተቷ እየቀነሰ ስለሆነ ማለቧን እንዳታቆም ነገርኳት። ወደ እብናት ለሚሄድ የእህል መኪና ሾፌር ለባዬ የሚያደርሰው መልእክት ሰጠሁ፤ ሦስት ጊዜ አስደገምኩት።

ዶክተር ከሰዓት ደረሱ። ሁለቱንም ፊልሞች ሰጠኋቸው።

«ያልገባሽን አቆዪልኝ ብዬሽ አልነበረም?»

«የገባኝ መስሎኝ ነው» አልኳቸው።

«እኔንም የሚያስፈራኝ እሱ ነው» አሉ። ጥሩዓለምን ራሳቸው አዳመጧት፤ ሳሉ የጉንፋን ትራፊ ነው አሉ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ባዬ ልጅቷን ይዞ መጣ። ልጅቷ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያስቀምጣታል፤ ዓይኗ ገባ ገባ ብሏል። ጥሩዓለም ግቢው ውስጥ ተቀብላ ጡቷን ሰጠቻት። ልጅቷ ፊቷን አዞረች፣ አለቀሰች። ደግማ ሰጠቻት፤ ደግማ አዞረች። ማየት አቃተኝ።

ባዬ ተከትሎኝ ገባ። «ሲስተር፣ እናቴ አያምኑም። ጥሩዓለም ስትመጣ የምትተኛበትን ቁርበት አቃጥለዋል። አገሩም ሰምቷል። ወረቀት በማህተም ይስጡኝ።»

ዶክተር ወደ እኔ ዘወር ብለው «ታክማ ድናለች ብለሽ ጻፊ፤ ለአንቺም ይሻላል» አሉኝ። ባዬ ራሱን ነቀነቀ። «ድናለች ካላችሁማ ይመለስባታል ይላሉ። ወደ ልጅቱ አያስጠጓትም።»

እውነቱን ነው። ወረቀት ሳብኩና ጻፍኩ፦ ጥሩዓለም የሳንባ በሽታ ኖሮባት አያውቅም፤ ፊልሙን ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ስሜን ከነአባቴ አሰፈርኩ። ዶክተር ማህተሙን እንደያዙ ቆዩ። «ይሄ ወረቀት የጓዶቹ እጅ ከገባ ግምገማ ላይ ያስቆምሻል» አሉ። «ይወቁት» አልኩ። አተሙት።

ባዬ ማንበብ ስለማይችል ግቢው ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «አንዴ ይድገሙልኝ፣ በቃሌ ልያዘው» አለኝ። ደገምኩለት። ስጨርስ የልጅቷ ልቅሶ አይሰማም። ጥሩዓለም ቀና ሳትል «ያዘችልኝ» አለች።