ኩሽኔታ የሌለው ዳሌ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

አጥንቱን አሳየችኝ። ጠዋት የውሻዬ የዳማ ዳሌ ውስጥ የነበረው የግራ ጭን አጥንት ራስ አሁን ብረት ሳህን ላይ ቁጭ ብሏል። ብይ ያህላል፤ አንድ ጎኑ ግን ተበልቷል። ልንካው ብዬ ለመንኩ፤ የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ህይወት ጓንት ሰጠችኝ።

የመስኖ ፓምፕ ስጠግን ስንት የተበላ ኩሽኔታ አውጥቻለሁ! ግን አውጥቼ አዲስ እተካለሁ። እሷ ምንም አልተካችም። «ታዲያ በምን ይዞራል?» ብላት ሳቀች። ሥጋው ራሱ ቦታውን ሞልቶ ይይዘዋል አለች፤ ከተንቀሳቀሰ ብቻ። አልተዋጠልኝም። ኩሽኔታ የሌለው ፓምፕ አሥር ደቂቃ አይቆይም።

ዳማ ዘጠኝ ወሯ ነው። ዳሌዋ ሲፈጠር ጀምሮ የላላ ነው፤ ቀኙም ደህና ስላልሆነ በሦስት እግር መኖር አያዛልቃትም። በሁለት ሳምንት ውስጥ በግራው መርገጥ አለባት። አለዚያ ጡንቻው ይመነምናል። ከዚያ በኋላ ስላለው ዶክተሯ ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ እዚህ አልጽፈውም።

ረቡዕ፣ 4

ቤት ውስጥ አስተኛኋት። እናቴ ከገረሴ ልትጠይቀኝ ከመጣች ወሯ ነው፤ ውሻ ደጃፍ አልፎ ቤት ሲገባ አይታ አታውቅም። «ውሻ ያለበት ቤት መልአክ አይገባም!» ብላ ጎረቤት ዋለች።

የዶክተሯ ትእዛዝ፦ ከነገ ጀምሮ እግሯን በቀን ሦስት ጊዜ ቀስ አድርጎ ማጠፍ፣ መዘርጋት። መዝለል የለም። ሩጫ የለም። ለሽንት ሆዷን በአሮጌ ነጠላ ደግፌ አወጣኋት። ግራውን አንጠልጥላ ሄደች። ምሳዋን ጨረሰች፣ ይህም አንድ ነገር ነው።

ሐሙስ፣ 5

ጠዋት እግሯን አጠፍኩላት፤ በቀላሉ ታጠፈ። ከዚያ ጫኖ ቀበሌ የሙዝ ማሳ ፓምፕ ቆሞ ስለነበር ልጠግን ሄድኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስመለስ የዳማ እግር እስከ ቁርጭምጭሚቷ በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ ታስሯል። እናቴ አጠገቧ ተቀምጣለች። ወጌሻ ጠርታለች!

አቶ አንጁሎ ሰው ያሻሉ፣ በሬ ያሻሉ፤ ውሻ ግን የመጀመሪያቸው ነው። «አጥንቱ ቦታው የለም» ብለው ጠፍንገው አሰሩት አለችኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቦታው የለም፤ ሳህን ላይ ቀርቷል።

ልጮህ ነበር። «የታመመ እግር ሳይታሰር ይተዋል እንዴ፣ ልጄ?» አለችኝ። ያቺ መልአክ ይርቃል ያለችው ሴትዮ ናት ይህን የምትለው! ጥፋቱ የእኔም ነው። እንዳትደነግጥ ብዬ አጥንቱ መቆረጡን ደብቄያት ነበር።

ስደውል ዶክተሯ «አሁኑኑ ፍታው!» አለች። ፈታሁት። ቁስሉ ደህና ነው፤ እግሩ ግን ደርቋል። ጠዋት የታጠፈው አሁን ስነካው ጮኸች። በጣም ፈራሁ።

ዓርብ፣ 6

አቶ አንጁሎ ራሳቸው መጡ። ካርቶን ላይ ሥዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ታዲያ በምን ይቆማል?» አሉኝ። የእኔው ጥያቄ! ወለሉ ላይ ተንበርክከን ሁለታችንም ዳሌዋን አየነው። ዓይናቸውን ጨፍነው በሁለት ጣት ዳበሱትና «እውነትም ባዶ ነው» አሉ። ተገርመዋል፤ አልተቀየሙም።

ከማጠፌ በፊት ጭኗን ሞቅ ባለ ጨርቅ እንድይዘው አሳዩኝ። ዶክተሯን ጠየቅኩ፤ ቁስሉን ካልነካ ጥሩ ነው አለች። ስድስት ጊዜ ታጠፈ። አልጮኸችም!

እሑድ፣ 8

አሁን እግሯን የምታጥፍላት እናቴ ናት። በጋሞኛ ትቆጥርላታለች። ሰው ሲመጣ ግን ታቆማለች።

እግሯ አሁንም አየር ላይ ነው። ጭኗን በሜትር ለካሁ፤ ግራው ከቀኙ ቀጥኗል። ለእናቴም ነገርኳት፤ መደበቅ አልፈለግኩም። ለጨርቁ ውሃ ልታሞቅ ተነሳች።

ሐሙስ፣ 12

አልረገጠችም። ጎረቤቴ በአጥር በኩል «አትልፋ፣ ሌላ ቡችላ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ክፋት አይደለም፤ ግን ቀኑን ሙሉ አናደደኝ።

ሰኞ፣ 16

ነገ ሁለት ሳምንት ይሞላል። ጠዋት ደግፈን አወጣናት፤ ያው ሦስት እግር። እናቴ ቀና ብላም አላየችኝ።

ከምሳ በኋላ ዳማ ማንጎው ሥር ቆማ ነበር፤ እኔ የፓምፕ ዕቃ በናፍጣ አጥባለሁ። ቁንጫ ነከሳት መሰለኝ። ቀኝ የኋላ እግሯን አነሳችና ጆሮዋን ማከክ ጀመረች። እጄ አየር ላይ ቀረ። ቀኙ ጆሮዋ ጋ ከሆነ ኋላዋን የያዘው ማነው? ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ ተንገዳግዳ ቁጭ አለች፤ ዞራ የግራ ጭኗን አየችው።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ አይታለች። «አየኸው?» አለችኝ። ለዶክተሯ ደውዬ፣ አራት እስክቆጥር በግራው ቆመች አልኳት። «ለዛሬ አራት ይበቃል» አለች። እናቴ ለአቶ አንጁሎ ልትነግር በባዶ እግሯ ሄዳለች። እኔ ዳማ አጠገብ ተቀምጬ ሁለተኛ ቁንጫ እየጠበቅኩ ነው።