በግድግዳዎ ላይ ስለተሰቀለችው የባዝራዬ እግር

ለክቡር የእንስሳት በሽታ ምርምር ተቋም ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደ ግቢዎ አጥር የጸና፣ ቀንዎም እንደ ቢሮዎ ጸጥ ያለ ይሁንልኝ። እኔ ሰፈሩ «ባለ ባዝራው» የሚለኝ ጋሪ ነጂ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። «አባዬ፣ ለስለስ አድርገው» ትለኛለች። እጅሽን አውሺኝ እንጂ አፍሽን አልጠየቅኩሽም ብያታለሁ።

አስቀድሜ ላመስግን። ባዝራዬ እግሯ ላይ እንደ ጨሌ የተደረደረ እባጭ ሲወጣባት፣ ባለሙያዎችዎ እቤቴ ድረስ መጥተው መግሏን በብልቃጥ ስለወሰዱ፣ እግሯንም እንደ ሙሽራ ዙሪያውን ፎቶ ስላነሱ እጅ ነስቻለሁ። «ውጤቱን እንነግርዎታለን» አሉኝ፤ የተማረ ሰው ቃል ነውና አመንኩ። ባዝራዬ ግን ውጤቱን ሳትጠብቅ ሞተች። ትዕግሥት በማጣቷ ይቅር ይበሏት።

አቤቱታዬ እነሆ፦

፩ኛ. ውጤት ልጠይቅ በመጣሁ ቁጥር ዘበኛዎ «ገና አልደረሰም» እያለ በትሕትና መልሶኛል። ሰውዬው ዕድገት ይገባዋል፤ አንዲት ቃል ሳያዛንፍ ነው የሚደግመው።

፪ኛ. በቀደም ከልጄ ጋር መጥቼ ዝናብ ቢይዘን፣ ዘበኛው ራርቶ ኮሪደር ውስጥ አስጠለለን። ግድግዳው ላይ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ የፈረስ እግር ተሰቅሏል። ከሰኮናው በላይ፣ አጥር ስትዘል የተጫረችው ጠባሳ አለ። ፊደል ባላውቅ ባዝራዬን አውቃለሁ። ከሥሩ የተጻፈውን ልጄ አነበበችልኝ፦ በሽታው የሻጋታ ዘር ነው፤ ከፈረስ ወደ ፈረስ በቁስል ይሻገራል፤ የታመመ ፈረስ የታሰረበት ጠፍር ለጤነኛው አይደረግ። ባዝራዬ ከመሞቷ በፊት፣ ለተከበሩ እንግዶች በአዳራሽ እንደተነበበም ከነቀኑ ተጽፎበታል።

፫ኛ. እዚህ ላይ ልጄ ብዕሯን አቁማ ነበር፤ ጻፊ አልኳት። ባዝራዬ ስትሞት ጠፍሯን ያሰርኩት ዘንድሮ ጋሪ መሳብ ለጀመረው ልጇ ነው። የእናት ዕቃ ለልጅ ይገባል ብዬ፣ በጨርቅ ወልውዬ፣ ቅባት ቀብቼ። ጠፍሩ ደረቱን ላጠው። ትናንት ከተላጠው አጠገብ አንዲት እባጭ በጣቴ ዳሰስኩ። ለእንግዶች ያነበባችሁትን ለእኔ በር ላይ ቆማችሁ ብትጮኹልኝ ኖሮ፣ ያን ጠፍር በእጄ ባቃጠልኩት ነበር።

ባለሙያዎ ያኔ እናቲቱን አይተው «እባጩ ሳይበዛ ብንደርስ ኖሮ ተስፋ ነበራት» ብለውኛል። እንግዲህ ይኸው፣ የልጇ አልበዛም፤ አንዲት ናት። የቤቴ ጉሮሮ ያለው በዚህ ፈረስ ላይ ነው። መድኃኒት ይዛችሁ ውጡ፤ ፎቶ ማንሻውን ግን ለደህና ቀን አቆዩት።

የባዝራውን እግር ያለ ኪራይ ያበደርኩዎ፣ ያልተማርኩ ግን ያልሞትኩ አክባሪዎ፣
ባለ ባዝራው
(አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አትሜያለሁ)

ማሳሰቢያ፦ ነገ ማልጄ ፈረሱን ከሌላ ፈረስ ሳላነካካ አምጥቼ ከበርዎ ምሰሶ ጋር አስረዋለሁ። እሱም እንደ እኔ ማንበብ አይችልምና ወርደው ያነጋግሩት። ደግሞም ከእናቱ እግር ጎን ባዶ ምስማር አይቻለሁ። ለእሱ ያቆያችሁት ከሆነ፣ ንቀሉት።