የልጅህ እንጥል አይቆረጥም

ይድረስ ለልጄ ለካሳሁን፣ ጅቡቲ፦

ቅዱስ ሚካኤል በሄድክበት ይቅደምልህ፤ የዚያ አገር ሙቀት አይንካህ። እኛ ደህና ነን። አባትህ ከጥበቃው ተነሥቶ እዚሁ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ክፍል ገብቷል።

እኔ ግን ተናድጄብሃለሁ። ልጅህ ጉሮሮውን ቢያመው «እንጥሉን አስቆርጡት» ብለህ ለአማትህ መላክህን ከሚስትህ ሰማሁ። እኔስ አልጠየቅም? ታናሽህ ይልማ እንጥሉን ተቆርጦ ደሙ አልቆም ብሎ እጄ ላይ እንደሞተ ረሳኸው?

ወደ ክሊኒክ ወሰድኩት። ድሬሰሩ አፉን በባትሪ አይቶ «እማማ፣ ያበጠው ቶንሲሉ ነው። እንጥል እኮ ስንውጥ ምግቡ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ ይረዳል፤ እግዜር በከንቱ አላንጠለጠለውም» አለኝ። መድኃኒት ሰጠው፤ አሁን አጥሚት ይጠጣል።

አማትህ ይህን ብነግራቸውም ቅዳሜ ቆራጩን ይዘው መጡ። የሚስትህ ሥራ ማልቀስ ብቻ ሆነ። ይህን የምትጽፍልህ እህትህ ብዙወርቅ ሰው ፊት ቃል አይወጣትም አይደል? ልጁን አዝላ በሩ ላይ ቆመችና «መጀመሪያ የእኔን ቁረጥ!» ብላ አፏን ከፈተችለት። ሰውዬው ምላጩን ይዞ ሄደ። «ይሄ አይጻፍ» ብትለኝ፣ ጻፊ ብያታለሁ።

አምላክ ልብ ይስጥህ፤ በሰላም ያግባህ። አማትህ ቆራጩን ለሌላ ቀን ቀጥረውታልና እባክህ ልጄ፣ «ይተዉት» ብለህ በመጀመሪያው ባቡር ላክላቸው። ቃልህ እስኪደርስ ልጅህ ከጉያዬ አይወጣም።

እናትህ አሰለፈች